ሮለር ኮስተር

ሮለር ኮስተር በሐዲድ ላይ እየወጣ፣ እየወረደና እየተጠማዘዘ ሰው የሚያዝናና ባቡር መሰል መጫወቻ ነው። ፉርጎዎቹ በአብዛኛው የራሳቸው ሞተር የላቸውም፤ ሰንሰለት አንድ ጊዜ ከፍታ ላይ ካወጣቸው በኋላ ጉዞውን የሚጨርሱት በስበት ነው። በፊዚክስ ትምህርት ለተማሪዎች የቡድን ሥራ ይመረጣል። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጥ

የመጀመሪያው የት ተሠራ የሚለው አከራካሪ ነው። የሩቁ መነሻ ሩሲያውያን በክረምት በእንጨት ማማ ላይ ውኃ እያፈሰሱ ያበጁት የነበረው የበረዶ መንሸራተቻ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ጎማ የጨመረበት ማን ነው በሚለው ግን ስምምነት የለም። አንዳንዶች በሴንት ፒተርስበርግ አቅራቢያ በኦራኒየንባውም ለንግሥት ዳግማዊት ካትሪን የተሠራውን ባለ ጋሪ መንሸራተቻ ጠቅሰው ቅድሚያውን ለሩሲያ ይሰጣሉ። ሌሎች በ1817 በፓሪስ የተከፈቱትን ሁለት መጫወቻዎች ያነሣሉ፤ በቤልቪል የነበረው ጋሪዎቹ ከሐዲዱ እንዳይወጡ የሚይዝ ብልሃት ነበረው።

ለአሜሪካ የሚከራከሩት ደግሞ በ1827 የተሠራውን የፔንሲልቬንያ የማውች ቸንክ የድንጋይ ከሰል ሐዲድ ይጠቅሳሉ። ከሰሉ በስበት ይወርዳል፤ ባዶዎቹን ፉርጎዎች ሽቅብ የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ፤ በቅሎዎቹም ሲመለሱ በፉርጎ ተጭነው ይወርዱ ነበር። ሐዲዱ በኋላ የጎብኚዎች መዝናኛ ሆኗል። ላማርከስ ቶምፕሰን በ1884 በኒው ዮርክ ኮኒ ደሴት የከፈተው መጫወቻ ዋጋው 5 ሳንቲም፣ ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪ.ሜ. ገደማ ነበር። ቶምፕሰን የሮለር ኮስተር አባት ቢባልም፣ ከፈልሳፊነቱ ይልቅ አስፋፊነቱ ሳያመዝን አይቀርም።

ፊዚክሱ

ጫፍ ላይ ያለው ፖቴንሻል ኢነርጂ ቁልቁለቱ ላይ ወደ ካይኔቲክ ኢነርጂ ይለወጣል። ፍትጊያ ባይኖርና አየሩ ባይገታው ከ30 ሜትር የወረደ ፉርጎ ባዶም ሆነ ሙሉ በሰዓት 87 ኪ.ሜ. ገደማ ይደርሳል። ፍትጊያ ስላለ ግን ቀጣዮቹ ጉብታዎች ከመጀመሪያው ማነስ አለባቸው።

ንድፍ

ፉርጎው ተገልብጦ የሚያልፍበት ቀለበት ፍጹም ክብ እንዲሆን አይመከርም፤ ፉርጎው አናቱን ለማለፍ በሚበቃው ዝቅተኛ ፍጥነት ቢሄድ እንኳ ተሳፋሪው ከታች የክብደቱን 6 እጥፍ ይሸከማል። በ1895 በኮኒ ደሴት የተከፈተው ባለ ክብ ቀለበት ፍሊፕ ፍላፕ አንገት በመጉዳቱ ይታወሳል። መፍትሔው ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ነው፤ ጀርመናዊው መሐንዲስ ቨርነር ሽቴንግል በ1976 በካሊፎርኒያ በተከፈተው ሪቮሉሽን ተጠቅሞበታል።

የተማሪዎች ሞዴል

ሐዲዱ ከካርቶን ወይም ለሁለት ከተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ ይሠራል፤ ፉርጎው ብይ ነው። ብይ ሲንከባለል ከኢነርጂው ከፊሉ ለመሽከርከር ስለሚውል፣ መነሻው ከቀለበቱ ራዲየስ (ሳይሽከረከር ለሚንሸራተት ነገር እንደሚበቃው) 2.5 ሳይሆን ቢያንስ 2.7 እጥፍ ከፍ ማለት አለበት። ለ10 ሴ.ሜ. ራዲየስ 27 ሴ.ሜ. ማለት ነው፤ በተግባር ለፍትጊያው ይጨመርበታል።

አየሩ የሚገታበት መጠን በቦታው ከፍታም ይለያያል። ለምሳሌ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደብረ ማርቆስ አየሩ ከባሕር ጠለል በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ባለችው ሮብ ገበያ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ትልቅ ሮለር ኮስተር እዚያ ቢተከል አየሩ የሚገታው ባነሰ መጠን ይሆናል፤ በብይ ሞዴል ላይ ግን ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም።

የፍጥነትና የቁመት ክብረ ወሰን የነበራቸው

በ2010 በአቡ ዳቢ የተከፈተው ፎርሙላ ሮሳ በሰዓት 240 ኪ.ሜ. ይደርሳል። 139 ሜትር ቁመት የነበረው የኒው ጀርዚው ኪንግዳ ካ በ2005 ተከፍቶ በ2025 ፈርሷል።