የዋጊኖስ ሥር ዜና

በእግዚአብሔር ኃይል ዋጊኖስ የሚባለውን የመድኃኒት ዕፅ ሥር ዜና መጻፍ ተጀመረ፤ የተጻፈውም ለበጌምድር ሥር ማሾች ክብር ነው። አገራቸው ከጉና ተራራ ይነሣል፤ ጋይንትንና እስቴን ይዞ በስማዳ በኩል ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ ይወርዳል። ፈጣሪ ጉናን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ ውርጭ አለበሰው፤ ደጋውንና ወይናደጋውን ግን መድኃኒት አላሳጣውም።

በ1762 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በየካቲት፣ ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ጎንደር ገባ። በቍስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና በርና መስኮት አስከፍቶ፣ ዕጣን አጢሶ ሕመምተኞቹን አስታመመ። ስለዚህም ባለሟል ሆነ።

በ1763 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በግንቦት፣ የበጌምድሩ ገዥ ወንድ በወሰን ከአምሐራው ገዥ ከጎሹ ጋር ተባብሮ ራስ ሚካኤል ስሑልን በሰርባኩሳ ገጠመ። ሚካኤል ዓፄ ኢዮአስን ያስገደለ፣ መኳንንቱን ያስጨነቀ ብርቱ ሰው ነበር። ጦርነቱ አንድ ጊዜ ብቻ አልሆነም፤ ተደጋገመ። በመጨረሻም ሽማግሌው ራስ ወደ ጎንደር ተመልሶ ተከበበ፤ እጁንም ሰጠ። የደም ዋጋ የሚከፍል አምላክ ለበጌምድር ድል ሰጠ። ብሩስ በዚያን ሰሞን በራስ ሚካኤል ወገን በነበረው ንጉሥ ሰፈር ነበረ።

በ1764 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ በምዕራብ ቆላ፣ በራስ ፊል፣ ተቅማጥ ጠናበት፤ ሰውነቱም መነመነ። ይዞት የመጣው መድኃኒት አልረዳውም። በዚህ ጊዜ የቆላው ሰዎች ዋጊኖስን አሳዩት፤ የሥሩን ቅርፊት አድርቀውና ፈጭተው ሰጡት። እጅግ መራራ ነው። ጠጣው፤ ዳነም። ዘሩን ወደ እንግሊዝ ወስዶ አስተከለ፤ በ1782 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉም ዕፁን በሥዕል አሳየ፣ መዳኑንም መሰከረ። ሊቃውንቱ ግን ተክሉን በእንግዳው ስም “ብሩሲያ” አሉት። ሥሩን ቆፍሮ የሰጠው ሰው በዚህ ስም ውስጥ የለም።

በዚያው ዘመን በቻይና የቺየንሎንግ መንግሥት የጂንሰንግን ሥር በፈቃድ ያስቆፍር ነበር፤ የኃይል መድኃኒት ነውና ግምጃ ቤት ይጠብቀው ነበር። በበጌምድር ያለው ሥር ማሽ ፈቃድ የሚሰጠው አልነበረም፤ “ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ” መባል ግን አልቀረለትም። ይህ ስድብ ለሰዳቢው ክብር አልሆነም። በጋይንትና በእስቴ ያሉ ደብተራዎች ደግሞ የመድኃኒቱን ነገር በብራና እየገለበጡ አቆዩት።

ከዚህ ወዲያ ዜናው ወደ ዘመናችን ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከዋጊኖስ የደም ካንሰርን በቤተ ሙከራ የሚያጠቃ ንጥረ ነገር አወጡ። ስሙም ብሩሳንቲን ተባለ፤ እንደገና በብሩስ ስም። በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ የታሰበለትን አላደረሰም። በቻይና ግን የዋጊኖስ ዘመድ የሆነው ተክል ፍሬ፣ ያ ዳን ዚ የሚሉት፣ ለተቅማጥና ለወባ ይሰጣል፤ ዘይቱም ዛሬ በሆስፒታል ከካንሰር ሕክምና ጋር ይታዘዛል። የቻይናው ዕፅ እንኳ በሳይንስ መዝገብ የሚጠራው ለኢትዮጵያው ዘመዱ በወጣው የወገን ስም ነው።

በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረሰቡ ከዕውቀቱ ከሚገኘው ጥቅም የመካፈል መብት እንዳለው ደነገገ። ብሩስ ከዳነ ያን ጊዜ 234 ዓመት ሆኖት ነበር።