ከአረንጓዴው ቴምብር እስከ እማዬ ካርድ

እማዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባች ጀምሮ አስቤዛ የምትገዛው በካሽ ነው። ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ «ለእንትና እኮ ልጇ ለአስቤዛ ገንዘብ የሚመልስ ካርድ አውጥታላታለች፤ እኔስ ልጅ የለኝም?» አለችኝ። ይሄን ሁሉ ያስጻፈችኝ ያቺ ጥያቄ ናት።

ካርድ ከመምረጤ በፊት ይሄ «ግዙና እንመልስላችሁ» የሚባል ነገር ከየት እንደመጣ ማየት ፈለግሁ። ለካ ካርድን በብዙ ዓመት ይቀድመዋል! እ.ኤ.አ. በ1896 የተመሠረተው ስፔሪ ኤንድ ሃቺንሰን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አረንጓዴ ቴምብር እያተመ ለባለሱቆች ይሸጥ ነበር። ባለሱቁ በገዛችሁት ልክ ቴምብር ቆጥሮ ይሰጣችኋል፤ በምላስ እያራሳችሁ ደብተር ላይ ትለጥፋላችሁ፤ ደብተሩ ሲሞላ ወስዳችሁ በመጥበሻ ወይ በብርድ ልብስ ትቀይራላችሁ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ቴምብር የማይሰጥ ሱፐርማርኬት ደንበኛ እንዳይሸሸው ይፈራ ነበር።

ግን ባለሱቁ የቴምብሩን ወጪ ከየት ያመጣዋል? ከዕቃው ዋጋ ላይ ነዋ! ሴቶቹም ነቁ። በ1966 የዴንቨር የቤት እመቤቶች የኑሮ ውድነቱ አንገሽግሿቸው በሱፐርማርኬቶች ላይ አደሙ። ቴምብሩም የሽልማት ጨዋታውም ይቅርብን፣ ዋጋ ቀንሱልን ነው ነገሩ። አድማው ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ።

ቴምብሩ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ሐሳቡ ግን ፕላስቲክ ላይ ወጣ። በ1986 የሲርስ ኩባንያ ዲስከቨር ካርድን በመላው አሜሪካ ሲያስተዋውቅ፣ ዓመታዊ ክፍያ ሳይጠይቅ ከተገዛው ላይ ጥቂት እመልሳለሁ ብሎ ነበር። ገንዘቡ የሚመጣው ዛሬም ከዚያው ነው። ካርድ በተጠቀማችሁ ቁጥር ባለሱቁ ኮሚሽን ይከፍላል፤ ኮሚሽኑን ዋጋው ላይ ይጨምራል። በካሽ የሚከፍል ሰው ጭማሪውን አብሮ ይከፍላል፣ ተመላሹን ግን አያይም። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በካሽ የሚገዛ አንድ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች ያስተላልፋል ብለው አስልተዋል። ቁጥሩን ሳነብ የታየችኝ እማዬ ናት፤ ዶላሯን በመሐረብ ቋጥራ ሰልፍ ላይ ቆማ።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ብሉ ካሽ ፕሪፈርድ ሱፐርማርኬት ላይ በዓመት እስከ 6,000 ዶላር ድረስ 6 በመቶ ይመልሳል፤ ግን በዓመት 95 ዶላር ያስከፍላል። ታናሽ ወንድሙ ብሉ ካሽ ኤቭሪዴይ 3 በመቶ ይመልሳል፣ ዓመታዊ ክፍያ የለውም። ሂሳቡን ስሠራው ትልቁ ካርድ ከትንሹ የሚሻለው በሳምንት ከ61 ዶላር በላይ ለሚገዛ ሰው ነው። እማዬ ብቻዋን ናት፤ በሳምንት 40 ዶላር ይበቃታል። ትንሹ 62 ዶላር ያስገኝላታል፣ ትልቁ ክፍያው ተቀንሶ 30 ዶላር እንኳ አይሞላም።

ደግሞ «ሱፐርማርኬት» የሚለው ቃል ወጥመድ አለበት። ዋልማርትና ታርጌት አይቆጠሩም። የሐበሻ ሱቅስ? እሱን የሚወስነው ለሱቁ የተሰጠው የንግድ ዘርፍ ኮድ ነው። እኔ አንድ ሱቅ እንጀራና በርበሬ ገዝቼ መግለጫዬ ላይ ሳየው «ሬስቶራንት» ይላል፤ ከኋላ ክትፎ ስለሚሸጡ መሰለኝ! በዚያ ላይ ወር በገባ ቁጥር ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ካልከፈላችሁ ወለዱ ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ 3 በመቶዋን ከነደብተሯ ይበላታል። እኔ መጀመሪያ ዓመት ላይ ተበልቻለሁ።

እማዬ በካሽ ስለኖረች የክሬዲት ታሪክ የላትም፤ ስለዚህ ትንሹን እኔ አውጥቼ ስሟን እንደ ተጨማሪ ተጠቃሚ አስገባሁ። ይሄን ሁሉ ታሪክ ቡና እየጠጣን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ እስከ ዛሬ የከፈልኩትን ማን ይመልስልኛል?» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።