ኢታማር ራቢኖቪች

ኢታማር ራቢኖቪች (እ.ኤ.አ. በ1942 በኢየሩሳሌም ተወለዱ) እስራኤላዊ የታሪክ ምሁር፣ ዲፕሎማትና የዩኒቨርሲቲ መሪ ናቸው። በይበልጥ የሚታወቁት በሶርያ ዘመናዊ ታሪክና በእስራኤልና በሶርያ መካከል በተደረጉ ድርድሮች ላይ ባካሄዷቸው ጥናቶች ነው። በ1990ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ከሶርያ ጋር የሚደራደረውን የእስራኤል ልዑክ የመሩት እሳቸው ነበሩ። በዚህም ምክንያት ጽሑፎቻቸው እንደ ታሪክ ጥናት ብቻ ሳይሆን በቦታው እንደነበረ ሰው ምስክርነትም ይነበባሉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና የመጀመሪያ ሥራዎች

ራቢኖቪች የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። በ1971 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ሎስ አንጀለስ) የዶክትሬት ዲግሪ ተቀብለው በዚያው ዓመት በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። በዩኒቨርሲቲው የሞሼ ዳያን የመካከለኛው ምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ማዕከልን የመሩ ሲሆን፣ በኋላም ሬክተር ሆነዋል።

በ1972 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው የባዝ ፓርቲ ሶርያን ያስተዳደረባቸውን ከ1963 እስከ 1966 ያሉትን ዓመታት ይመለከታል። መጽሐፉ በፓርቲውና በጦር ሠራዊቱ መካከል የነበረውን መደጋገፍ ይተነትናል። በዚያን ጊዜ እስራኤልና ሶርያ በጦርነት ላይ ያሉ አገሮች ስለነበሩ፣ እስራኤላዊ ተመራማሪ ደማስቆ ገብቶ መዛግብት ማየትም ሆነ ባለሥልጣን ማነጋገር አይችልም ነበር። ስለዚህ የመስኩ አጥኚዎች ከሩቅ ሆነው በጋዜጦች፣ በሬዲዮ ስርጭቶችና በታተሙ ሰነዶች መሥራት ግድ ሆኖባቸው ነበር።

የ1949 ድርድር ጥናት

በ1991 የወጣው «ያልተሄደበት መንገድ» የተባለው መጽሐፋቸው ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ እስራኤል ከሶርያ፣ ከዮርዳኖስና ከግብፅ ጋር ያደረገቻቸውን ንግግሮች ይመረምራል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ያከራከረው የሁስኒ ዛኢም ጉዳይ ነው። ኮሎኔል ዛኢም መጋቢት 30 ቀን 1949 በመፈንቅለ መንግሥት የሶርያን ሥልጣን ያዙ። ብዙም ሳይቆዩ ከእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ዳቪድ ቤን ጉሪዮን ጋር ፊት ለፊት ለመነጋገርና 300,000 የሚደርሱ ፍልስጤማውያን ስደተኞችን በሶርያ ለማስፈር ሐሳብ አቀረቡ። በለውጡ ድንበሩ በገሊላ ባሕር መካከል እንዲያልፍ ጠየቁ።

ቤን ጉሪዮን ግን መጀመሪያ የተኩስ አቁም ስምምነቱ ይፈረም በማለት ሳይገናኙ ቀሩ። ስምምነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1949 ተፈረመ። ከአንድ ወር በታች ጊዜ ውስጥ፣ ነሐሴ 14፣ ዛኢም በሌላ መፈንቅለ መንግሥት ተገለበጡና ተገደሉ።

እንደ አቪ ሽላይም ያሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ለዕድሉ መጥፋት ቤን ጉሪዮንን ተጠያቂ ያደርጋሉ። ራቢኖቪች ጉዳዩ እንዲህ ቀላል አይደለም ይላሉ። በእሳቸው አመለካከት ጥያቄው ማን እምቢ አለ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ሥልጣኑ ያልጸና መሪ የገባውን ቃል መፈጸም ይችል ነበር ወይ የሚለውም ነው። ስለዚህ ሙሉ ኃላፊነቱን በአንድ ወገን ላይ የሚጥል ፍርድ ከመስጠት ይቆጠባሉ።

ከጥናት ወደ ድርድር

እስራኤል በ1967ቱ ጦርነት የጎላን ኮረብታዎችን ከሶርያ ከያዘች ወዲህ የሁለቱ አገሮች ዋና አለመግባባት ይህ መሬት ሆነ። በጥቅምት 1991 የተከፈተው የማድሪድ ጉባኤ ሁለቱን አገሮች ለቀጥታ ንግግር አበቃ። በ1992 ሥልጣን የያዙት ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን ራቢኖቪችን የልዑኩ መሪ አድርገው ሾሟቸው፤ ከ1993 እስከ 1996 ደግሞ በአሜሪካ የእስራኤል አምባሳደር ሆኑ። በዋሺንግተን በሶርያ በኩል የተደራደሯቸው መጀመሪያ ሙዋፋቅ አላፍ፣ በኋላም አምባሳደር ዋሊድ ሙዓሊም ነበሩ።

የድርድሩ ቁልፍ ጊዜ ነሐሴ 3 ቀን 1993 ነው። በዚያን ቀን ራቢን ለአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዋረን ክሪስቶፈር አንድ መልእክት ሰጡ፤ ራቢኖቪችና አሜሪካዊው ዲፕሎማት ዴኒስ ሮስ በቦታው ነበሩ። መልእክቱ፣ ሶርያ በጎላን ላይ ያላት ጥያቄ ቢሟላላት ሙሉ ሰላም፣ ኤምባሲ መክፈትን፣ የጸጥታ ዋስትናንና በአምስት ዓመት የሚፈጸም የመውጫ ጊዜን ትቀበላለች ወይ የሚል ነበር። መልእክቱ በኋላ «የራቢን አደራ» ተባለ፤ በአሜሪካኖች እጅ የሚቀመጥ እንጂ ለሶርያ በቀጥታ የተሰጠ ቃል አልነበረምና። ፕሬዚዳንት ሃፌዝ አል-አሳድ ሐሳቡን በመርህ ደረጃ ቢቀበሉም የጊዜ ሰሌዳውን ጨምሮ ብዙ ነጥቦችን ተቃወሙ። ራቢን መልሱ በቂ ሆኖ ስላላገኙት ፊታቸውን ከፍልስጤማውያን ጋር ወደተደረሰው የኦስሎ ስምምነት አዞሩ።

ንግግሩ ግን አልተቋረጠም። የሁለቱ አገሮች ኤታማዦር ሹሞች በታኅሣሥ 1994 እና በሰኔ 1995 በዋሺንግተን ተገናኙ። ራቢን ኅዳር 4 ቀን 1995 ከተገደሉ በኋላ በሜሪላንድ ግዛት የቀጠለው ድርድር በ1996 መጀመሪያ ያለ ውጤት ቆመ።

«የሰላም አፋፍ» እና ያስነሣው ክርክር

ራቢኖቪች የዚህን ድርድር ታሪክ በ1998 «የሰላም አፋፍ» በተባለው መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ የራቢን መልእክት በቅድመ ሁኔታዎች የታጠረ መላምታዊ ጥያቄ እንደነበር ያስረዳሉ። የአሳድን የሕይወት ታሪክ የጻፉት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ፓትሪክ ሲል በበኩላቸው፣ ራቢን ሙሉ በሙሉ ለመውጣት እውነተኛ ቃል ገብተው ነበር በማለት ተከራክረዋል። ሙዓሊምም የሶርያን ወገን አመለካከት በቃለ ምልልስ አስረድተዋል።

ክርክሩ ከቃላት ያለፈ ነው። ብሪታንያና ፈረንሳይ በ1923 ያሰመሩት ድንበር ባሕሩን በሙሉ፣ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻውም 10 ሜትር ስፋት ያለውን መሬት ጨምሮ፣ ከፍልስጤም ጋር ያደርገዋል። ሶርያ የምትጠይቀው የሰኔ 4 ቀን 1967 መስመር ግን እስከ ውኃው ይደርሳል። በመጋቢት 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተንና አሳድ በጄኔቫ ያደረጉት ንግግርም በዋናነት በዚሁ የባሕር ዳርቻ ጉዳይ ከሸፈ።

የሶርያ መዛግብት ለተመራማሪ ክፍት ስላልነበሩ፣ ራቢኖቪች ለ1949 ያነሡት ጥያቄ እሳቸው በተሳተፉበት ድርድር ላይም ተነሣ፤ የአንዱ ወገን ሰነድና ትዝታ ለፍርድ ይበቃል ወይ የሚለው ነው።

በኋላ

ከ1999 እስከ 2007 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ2017 የይስሐቅ ራቢንን የሕይወት ታሪክ፣ በ2021 ደግሞ ከካርሚት ቫሌንሲ ጋር ስለ ሶርያ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርክ መጽሐፍ አሳትመዋል።