ከእጅ ወደ እጅ፦ የቺ ሳኦ ታሪክና ስደት

ስደተኛ ከአገሩ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል? ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቤትና ንብረት ይወረሳል፤ መጻሕፍት ይቀራሉ፤ በሰውነት የሠረጸ ዕውቀት ግን ኬላ አያግደውም ሲባል እንሰማለን። አባባሉ እስከ ምን ድረስ እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር፣ ከደቡብ ቻይና የፍልሚያ ጥበብ ታሪክ አንድ ምሳሌ እናቀርባለን። ይኸውም ዊንግ ቹን የሚባለው የቅርብ ርቀት ፍልሚያና ቺ ሳኦ የተሰኘው የጥንድ ልምምዱ ነው።

በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ ዊንግ ቹንን የፈጠረችው የማንቹ ነገሥታት ጦር የሻኦሊንን ገዳም ባቃጠለ ጊዜ ያመለጠች ንግ ሙይ የተባለች መነኩሲት ናት፤ ጥበቡም ስሙን ያገኘው ከደቀ መዝሙሯ ከወጣቷ ዪም ዊንግ ቹን ነው። ትረካው ያማረ ቢሆንም በዘመኑ በተጻፈ ሰነድ አልተደገፈም። ነገሩ ጠራ ብሎ የሚታየው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በፎሻን ከተማ ነው። በዚያ ሌንግ ጃን የተባለ ሐኪም ጥበቡን ለገንዘብ መንዛሪው ለቻን ዋ ሹን አስተማረ፤ ቻንም በስተርጅናው፣ እ.ኤ.አ. በ1893 የተወለደውን የባለጠጋ ልጅ ኢፕ ማንን ገና በልጅነቱ ተቀብሎ አሠለጠነ። ሰንሰለቱ የተያያዘው በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅ ነበር።

ለመሆኑ ቺ ሳኦ ምንድን ነው? ቃሉ «ተጣባቂ እጆች» እንደ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ክንዳቸውን ያገናኛሉ። ጀማሪ በአንድ እጅ ይነሣል፤ የአንደኛው መዳፍ ወደ ላይ ይመለከታል፣ የሌላው እጅ በላዩ ያርፋል። ቀጥሎም የሁለቱም ሰዎች ሁለት ሁለት ክንዶች ሳይላቀቁ አብረው ይዞራሉ። ሕጉ አጭር ነው፤ የሚመጣውን ኃይል መቀበል፣ የሚሸሸውን መከተል፣ መንገዱ ሲከፈት በቀጥታ ወደ ፊት መግባት። ይህ በመሠረቱ ድብድብ አይደለም። በክንድ ርቀት ላይ ዐይን ስለሚዘገይ፣ የባላጋራን ሐሳብ ከመነሻው በመዳሰስ ለመረዳት የሚሠለጥኑበት ትምህርት ነው። አንዳንዶችም ዐይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ይለማመዱታል። ክንዱን ያደነደነ ሰው ሐሳቡን አስቀድሞ ያሳብቃል፤ ፈጽሞ ያላላው ደግሞ ይደረመሳል።

እ.ኤ.አ. በ1949 የኮሚኒስቶች ጦር ድል ሲቀዳጅ፣ በፎሻን የፖሊስ መኮንንና የኩሚንታንግ ወገን የነበረው ኢፕ ማን ወደ ሆንግ ኮንግ ተሰደደ። ሀብቱ ቀረ፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቹም ከእርሱ ጋር የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ማስተማር የጀመረው በምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ነው። የባለጠጋው ልጅ የእንጀራውን መንገድም የጥበቡንም ቀጣይነት ያገኘው ከሠራተኞች ዘንድ ነበር።

ከዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ዐቢይ ነገር አለ። የዊንግ ቹንን የእጅ ቅደም ተከተሎች አንድ ሰው በጠባብ ክፍል ለብቻው ሊለማመዳቸው ይችላል፤ ቺ ሳኦን ግን አይችልም። ስለሆነም መምህሩ ራሱ ተማሪ ካላገኘ ጥበቡ በገዛ ክንዱ ላይ ይደነዝዛል። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ብሩስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሲያትል ከተማ ማስተማር ሲጀምር፣ ከመጀመሪያዎቹ ደቀ መዛሙርቱ አንዱ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ልምምዱ የሚሻው ክንድ እንጂ ዘር አልነበረም።

ኢፕ ማን እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ ላይ ዐረፈ። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በፊልም ተቀርጿል። በፊልሙ የሚታየው ሽማግሌ ብቻውን ቆሞ የእጅ ቅደም ተከተሎችን ያሳያል፤ ከእንጨት ከተሠራ ባላጋራ ጋርም ይለማመዳል። ምስሉ የእጁን አቀማመጥ ለትውልድ አቆይቷል፤ በሁለት ክንዶች መካከል የሚያልፈውን ስሜት ግን ሊይዘው አልቻለም። ያንን ያቆዩት ክንዱን የነኩት ተማሪዎቹ ናቸው።

እንግዲህ በመነሻችን የጠቀስነው አባባል ግማሽ እውነት ነው ማለት ነው። ኬላው ዕውቀቱን አላገደውም፤ ብቸኝነት ግን ሊገድለው ይችል ነበር። እኛም በባዕድ አገር ቋንቋችንን፣ ታሪካችንን፣ የክርክር ባህላችንን በየክፍላችን ቆልፈን እንደምናቆይ የምናስብ ከሆነ ተሳስተናል። ከዚህም በላይ፣ በስብሰባዎቻችን ክንዳችንን አደንድነን የወንድማችንን ሐሳብ ከመነሻው ሳንረዳ የፈረጅንባቸውን፣ ፍረጃውም ወደ ደም የተሻገረባቸውን ዓመታት አንረሳም። የሚቃወመንን ሰው ሳንለቀውና ሳንሰብረው ማዳመጥ የሚማሩት ትምህርት ነው፤ የሚማሩትም ከሌላ ሰው ጋር ነው። ማኅበራችን ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?