የሕዋስ መዝገብ ቤት

በጉራጌ ወይም በሲዳማ አገር እንሰት የሚያለማ ገበሬ አዲስ ተክል ባስፈለገው ጊዜ ፍሬ ለቅሞ አይዘራም። አንድ ለጋ እንሰት መርጦ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ይቈርጥና፣ አሚቾ ከሚባለው ከመሬት ውስጥ ከሚገኘው ክፍል ላይ የመካከሉን ቡቃያ ፈልፍሎ ያወጣል፤ ከዚያም ፍግ ጨምሮ መልሶ ይቀብረዋል። ጥቂት ወራት ቈይቶ በአሚቾው ዙሪያ ብዙ ችግኞች ይበቅላሉ። እነዚህም ችግኞች ወንድና ሴት አበባ ተገናኝተው ያስገኟቸው ሳይሆኑ አሚቾው ራሱ የተባዛባቸው ስለሆኑ፣ የአንዱ ጠባይ የሁሉም ጠባይ ነው። ዛሬ «ክሎኒንግ» እየተባለ ብዙ የሚወራለት ነገር መሠረቱ ይኸው ነው። ቃሉም ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ቀንበጥ ማለት ነው፤ በ1903 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ኸርበርት ዌበር የተባለ አሜሪካዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ያለ ዘር ለሚባዙ ተክሎች መጠሪያ አድርጎ አወጣው።

ለእንሰት የተቻለው ለበግና ለላም ስለምን አልተቻለም ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል፤ የድካማቸውም ታሪክ ከውጤቱ ባላነሰ ትምህርት የሚሰጥ መስሎ ስለ ታየኝ ባጭሩ ለማቅረብ አሰብሁ።

የማንኛውም እንስሳ አካል ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በሕዋሱ ውስጥ አስኳል፣ በአስኳሉም ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል እንደ ተጠማዘዘ መሰላል ያለ ረጅም ክር ይገኛል። ቅርጹን በ1953 ዓ.ም. በካምብሪጅ ጀምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ ገለጹ፤ የሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ሥራ ባይረዳቸው ኖሮ ግን ነገሩ በዚያን ያህል ፍጥነት ባልተፈጸመም ነበር። በክሩ ላይ ያለው ጽሑፍ በ4 ፊደላት ብቻ የተጻፈ ነው። 231 ፊደል ቈጥረን ላደግነው ለእኛ ይህ በጣም የሚያስደንቅ ቍጠባ ነው። አንድ የተወሰነ ሥራ የሚያዝዘው የጽሑፉ ክፍል ጂን ወይም ዘረ መል ይባላል።

በቢሮ የምንሠራ ሰዎች ይህን በመዝገብ ቤት ምሳሌነት በቀላሉ ልንረዳው እንችላለን። አንድ ሕዋስ ሲከፈል መዝገቡ ይገለበጥና ግልባጩ ለአዲሱ ሕዋስ ይደርሰዋል። ታዲያ የቈዳ ሕዋስ ቈዳ፣ የጉበት ሕዋስ ጉበት ሆኖ የሚቀረው የማይመለከተው ፋይል ከእጁ ስለ ጠፋ ነው ወይስ ፋይሉ ሳይጠፋ ስለ ተቈለፈበት? ጠፍቶ እንደ ሆነ ካደገ እንስሳ አካል ሌላ እንስሳ ማስገኘት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ተቈልፎ እንደ ሆነ ግን ቍልፉን መፈለግ ነው።

ጀርመናዊው አውጉስት ቫይስማን ፋይሉ እየተከፋፈለ ይጐድላል ይል ነበር። በ1888 ዓ.ም. ቪልሄልም ሩ ለሁለት ከተከፈለ የእንቍራሪት ፅንስ አንዱን ሕዋስ በጋለ መርፌ ወግቶ ቢገድለው የቀረው ግማሽ ፅንስ ብቻ ሆነ፤ የቫይስማንም ሐሳብ የተረጋገጠ መሰለ። ዳሩ ግን ሩ የሞተውን ሕዋስ ሳያነሣ ከሕያው ጋር እንደ ተጣበቀ ትቶት ነበር። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ሐንስ ድሪሽ እሾኻም ከሆነ የባሕር ፍጥረት ፅንስ ሁለቱን ሕዋሳት እየነቀነቀ ቢለያያቸው እያንዳንዳቸው ሙሉ ሆነው አደጉ። ሐንስ ሽፔማን ደግሞ እንሽላሊት የሚመስለውን የሳላማንደርን ዕንቍላል በሕፃን ጠጕር አስሮ ለሁለት በመክፈል ተመሳሳይ ነገር አሳየ፤ በ1938 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍም ያደገ ሕዋስ አስኳል ባዶ በተደረገ ዕንቍላል ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል ሲል ጠየቀ። ሽፔማን ይህን የሚሠራበት መሣሪያ አልነበረውም።

ሥራውን የጀመሩት በ1952 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ሮበርት ብሪግስና ቶማስ ኪንግ ናቸው። ከእንቍራሪት ዕንቍላል አስኳሉን አውጥተው በምትኩ የፅንስ አስኳል ቢያገቡበት እንቁላሉ አድጎ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ጫጩት ሆነ። ነገር ግን አስኳሉ የተወሰደበት ፅንስ ዕድሜው በገፋ መጠን ሙከራው ይከሽፍ ስለ ነበር በሩ የተዘጋ መሰላቸው። ያልተስማማቸው በኦክስፎርድ ይማር የነበረው ጆን ጉርደን ነበር። ይህ ሰው በትምህርት ቤት ሳለ በባዮሎጂ ከ250 ተማሪዎች መጨረሻ ወጥቶ፣ መምህሩ ሳይንቲስት መሆን መመኘቱ ከንቱ ነው ሲሉ ጽፈውበት ነበር። እርሱ ግን በ1962 ዓ.ም. ከእንቍራሪት ጫጩት አንጀት በተወሰደ አስኳል ሙሉ እንቍራሪት ማስገኘቱን አስታወቀ። የአንጀት ሕዋስም ቢሆን መዝገቡ ሳይጐድል በእጁ ነበር ማለት ነው። የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ከ50 ዓመት በኋላ በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ያንን የመምህሩን ወረቀትም በመስተዋት አስገብቶ በቢሮው ሰቅሎት ይኖር ነበር።

እንቍራሪት እንቍራሪት ናት፤ አጥቢ እንስሳ ሌላ ነው የሚሉ ግን አልጠፉም። እነርሱን ዝም ያሰኘች አንዲት ጠቦት ናት። በስኮትላንድ በኤዲንብራ አጠገብ በሚገኘው በሮዝሊን ኢንስቲትዩት ኢያን ዊልሙትና ኪት ካምቤል ከ6 ዓመት በግ ጡት ሕዋስ ወስደው ምግብ አሳነሱበት፤ ሕዋሱም ሥራውን አቁሞ እንዳንቀላፋ ሆነ። ቍልፉ ይህ ነበር። ከዚያም ከሌላ በግ የተወሰደ ዕንቍላል አስኳሉን አውጥተው ሁለቱን በኤሌክትሪክ ኀይል አዋሐዷቸው። 277 ጊዜ አዋሕደው 29 ፅንሶች ብቻ ተገኙ፤ እነዚህም በ13 በጎች ማሕፀን ተቀመጡ፤ ከሁሉም አንዲት ብቻ ጁላይ 5 ቀን 1996 ዓ.ም. በሕይወት ተወለደች። የተሸከመቻት በግ ፊቷ ጥቍር ሲሆን ጠቦቷ ነጭ ፊት ሆና ስትወጣ ልጅነቷ የማን እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ነበር። ዶሊ ተባለች፤ 6 ግልገሎች ወልዳ በ2003 ዓ.ም. በሳንባ በሽታ ምክንያት እንድትሞት ተደረገ።

የዶሊ ወሬ በ1997 ዓ.ም. በተሰማ ጊዜ አንድ መልክ ያላቸው የሰው ሠራዊቶች ይመጣሉ እየተባለ ብዙ ተጻፈ። እኔ ግን የሚያስፈራው ሌላ ነው እላለሁ። ሁሉም አንድ የሆነ ነገር ሁሉም በአንድ በሽታ ይወድቃል። በ1845 ዓ.ም. የአየርላንድ ድኾች ይተክሉት የነበረው ድንች አብዛኛው የአንድ ዓይነት ድንች ግልባጭ ነበርና ዋግ ሲመታው ማሳው ሁሉ ባንድነት ጠፋ፤ በረኃቡም 1 ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። የእኛ የእንሰት ገበሬ በአንድ ጓሮ ብዙ ዓይነት እንሰት ማቀላቀሉ ከዚህ አንጻር ሲታይ ትልቅ ብልኀት ነው።

እስካሁን የተናገርነው መዝገቡን ሳይነኩ ስለ መገልበጥ ነው። ከአንዱ መዝገብ አንድ ገጽ ቈርጦ በሌላው ውስጥ መስፋት ደግሞ የዘረ መል ምሕንድስና ይባላል። ለመቍረጥ እንደ መቀስ፣ ለማያያዝም እንደ ሙጫ የሚያገለግሉ ንጥረ ነገሮች በባክቴሪያና በቫይረስ ዘንድ ተገኝተዋል። በ1973 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር የተቈረጠ ዘረ መል ቀለበት በመሰለች ትንሽ ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ሰፍተው ወደ ባክቴሪያ አስገቡ፤ ባክቴሪያው በተባዛ ቍጥር የገባበት ገጽም አብሮ ተባዛ።

ከዚህ በኋላ የተደረገው በእኔ አስተያየት ከግኝቱ ይበልጥ ሊወሳ የሚገባው ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የሁለት ቫይረሶችን ዲ.ኤን.ኤ. አያይዞ የነበረው ፖል በርግ፣ አንደኛው ቫይረስ በአይጦች ላይ ዕጢ የሚያወጣ በመሆኑ፣ በሰው አንጀት በሚኖር ባክቴሪያ ውስጥ ሊያስገባው ያሰበውን ተወው። በ1974 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ አደገኛ መስለው የታዩት ሙከራዎች ለጊዜው እንዲቆሙ በሳይንስ መጽሔት ጠየቀ፤ በየካቲት 1975 ዓ.ም. በአሲሎማር ተሰብስበው የጥንቃቄ ደንብ እስኪያወጡም ድረስ ቆሙ። ክብርና ገንዘብ በሚያስገኝ ሥራ ላይ ያለ ሰው ማንም ሳያስገድደው እጁን ሲሰበስብ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ጥቅሙ የታየው በኢንሱሊን ነው። ባንቲንግና ቤስት በ1921 ዓ.ም. በቶሮንቶ ካገኙት ጀምሮ 60 ዓመት ያህል የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን ከታረዱ ከብቶችና ከዐሣማዎች ቆሽት የሚወጣ ነበር። ለአንዳንዱ ሰውነት አይስማማም፤ ሃይማኖቱ ዐሣማን ለሚከለክለው ሕመምተኛም የሕሊና ጥያቄ ነበረበት። በ1978 ዓ.ም. የሰው ኢንሱሊን ሁለቱ ሰንሰለቶች በባክቴሪያ ውስጥ ለየብቻ ተሠርተው ተጋጠሙ፤ በ1982 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሽያጭ ተፈቀደ።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ክሪስፐር የሚባለው ዘዴ ገጽ መቍረጥ ብቻ ሳይሆን ከጽሑፉ አንዲት ፊደል ማረምም አስችሏል። በ2018 ዓ.ም. ኸ ጂያንኩይ የተባለ ቻይናዊ ገና በፅንስነታቸው የመንትያ ሕፃናትን ዘረ መል መለወጡን ገለጸ፤ ልጆቹ የሚወልዷቸውም ሊወርሱት ይችላሉና ዓለም አወገዘው፤ በ2019 ዓ.ም. የ3 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በዚያው ዘዴ የሚደረገው የሲክል ሴል የደም በሽታ ሕክምና ግን የሕመምተኛውን የራሱን መቅኔ ብቻ የሚነካ ስለሆነ በ2023 ዓ.ም. በእንግሊዝና በአሜሪካ ተፈቀደ። ይህ በሽታ ያለባቸው ሕፃናት አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ነው፤ ሕክምናው በአሜሪካ ሲፈቀድ ለአንድ ሰው የተተመነው ዋጋ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር።