ከሠውር የጠፋው ደመና

የጆን ራስል ሃይንድ ሥራ አስትሮይድ ማደን ነበር። ጆርጅ ቢሾፕ የተባለ ባለጸጋ ለንደን ሬጀንትስ ፓርክ ባሠራው የግል የምልከታ ጣቢያ ሌሊቱን እየተቀመጠ፣ ፀሐይ በምትጓዝበት መስመር ግራና ቀኝ ያሉትን ደቃቅ ከዋክብት ካርታ ላይ ያሰፍራል፤ ካርታው ላይ የሌለ ነጥብ ብቅ ካለ ምናልባት አስትሮይድ ነው። ኦክቶበር 11 ቀን 1852 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሠውር ከዋክብት መካከል ያገኘው ግን ሌላ ነገር ነበር። ትንሽ የደመና ቁራጭ አየ፤ ከአጠገቡም ካርታ ላይ ያልሰፈረች፣ በዓይን ከሚታዩት የመጨረሻ ደካማ ከዋክብት እንኳ 40 ጊዜ ያህል የደበዘዘች ኮከብ። በኋላ ቲ ታውሪ ተባለች።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ1861 ሃይንሪሽ ዳሬስት ከኮፐንሃገን ያንኑ ቦታ ሲመለከት ደመናው የለም። ኔቡላ የሚባሉት የሰማይ ደመናዎች በአንድ ሰው ዕድሜ ይለወጣሉ ብሎ የሚጠብቅ እምብዛም ስላልነበረ ወሬው ብዙዎችን አስገረመ። ሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ፣ ፑልኮቮ ላይ፣ ትልቅ ቴሌስኮፕ የነበረው ኦቶ ስትሩቨ እንደ ምንም ብሎ ጭላንጭሉን አየ። በ1890 ደግሞ በርናምና ባርናርድ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሊክ ጣቢያ፣ በወቅቱ ከዓለም ትልቁ በነበረው 91 ሳንቲ ሜትር ሌንስ፣ እጅግ የሳሳ ቅሪቱን አገኙ። ኮከቧም አልረጋችም። አንዳንዴ ሃይንድ ካያት ጊዜ 40 እጥፍ ያህል ትደበዝዝ፣ ደግሞ ትመለስ ነበር፤ ዑደት አልነበራትም።

እነዚህ ሰዎች ምክንያቱን አላወቁትም። እኔ የማከብራቸው ግን ያላወቁትን ነገር በጥንቃቄ ስለ መዘገቡ ነው። «በዚህ ሌሊት አልታየም» የሚል ማስታወሻ ለጸሐፊው የከሸፈ ምሽት ሊመስል ይችላል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ለመጣው ተመራማሪ ግን ምትክ የሌለው ማስረጃ ሆኗል።

በ1945 በማውንት ዊልሰን የምልከታ ጣቢያ ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ጆይ ቲ ታውሪን የሚመስሉ 11 ከዋክብት ሰብስቦ በአንድ ስም ጠራቸው። ሁሉም ያለ ሥርዓት ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ፤ ሁሉም በደመና አቅራቢያ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ አርሜናዊው ቪክቶር አምባርትሱምያን የጎደለውን ሐሳብ አመጣ። እንዲህ ያሉት ከዋክብት በልል ስብስብ ይኖራሉ፤ ልል ስብስብ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ይበተናል፤ ስለዚህ ገና አልተበተኑም ማለት በቅርብ ተወልደዋል ማለት ነው። በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ዕድሜ ያሉ ጨቅላዎች ናቸው።

አቧራው በግልጽ ወደ ታሪኩ የገባው በ1966 ነው። ሜክሲኳዊው ኤውሄኒዮ ሜንዶሳ እነዚህ ከዋክብት ከሚገባቸው በላይ ኢንፍራሬድ የተባለውን፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን እንደሚሰጡ ለካ። ትርፉን ብርሃን የሚሰጠው ኮከቡ የሚያሞቀው አቧራ ነው፤ አቧራውና ጋዙም ኮከቡን እንደ ጠፍጣፋ ዲስክ ከቦ ይዞራል፤ ፕላኔቶች የሚሠሩትም ከእሱ ነው። ከዲስኩ የሚፈሰው ጋዝ ኮከቡ ላይ ሲወድቅ ያግለዋል፤ ያኔ ይደምቃል። አቧራው በእኛና በኮከቡ መካከል ሲያልፍ ደግሞ ይደበዝዛል።

ይህን ሁለተኛውን ከማንም አጥርታ ያሳየችው እዚያው ሠውር ውስጥ ያለችው ኤኤ ታውሪ ናት። ዲስኳን የምናየው በጠርዙ በኩል ነው ለማለት ይቻላል። በ1999 ዤሮም ቡቪዬና ባልደረቦቹ ኮከቧ በየ8.2 ቀኑ ገደማ እንደምትደበዝዝ፣ ብርሃኗም አንዳንዴ ከሲሶ በታች እንደሚወርድ አሳዩ። ማብራሪያቸው የዲስኩ ውስጠኛ ጠርዝ በአንድ በኩል እንደ ተቀለበሰ ሰፌድ ብድግ ብሏል የሚል ነበር፤ ያጠማዘዘው የኮከቧ መግነጢሳዊ ኃይል ነው፤ እጥፋቱ በዞረ ቁጥር ይጋርዳታል። ጥሩ፣ የተደላደለ ማብራሪያ። በ2011 ግን ኮከቧ በድንገት እጅግ ደብዝዛ ለዓመታት ሳትመለስ ቆየች። ከኮከቧ ራቅ ብሎ የሚዞር፣ ማንም ያልጠበቀው ሌላ አቧራ መጥቶ ሸፍኗት ነበር።

የሃይንድ ደመናስ የት ሄደ? ኤድዊን ሃብል በ1916 አር ሞኖሴሮቲስ ከተባለች ኮከብ ጋር የተያያዘውን ኔቡላ ፎቶግራፎች አነጻጽሮ ቅርጹ እንደሚለዋወጥ አሳይቶ ነበር። ደመናው ራሱ እንዲያ በፍጥነት ሊንቀሳቀስ አይችልም፤ የሚንቀሳቀሰው ከኮከቧ አጠገብ ያለው አቧራ የሚጥልበት ጥላ ነው። የሃይንድ ደመናም ብርሃኑን የሚያገኘው ከቲ ታውሪ ስለሆነ፣ በመካከል አቧራ ከገባ ይጨልማል። እኔን ይህ ማብራሪያ ያሳምነኛል። ደመናው አልፈረሰም፤ ዛሬም በፎቶግራፍ ይታያል።

በ2001 ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች በሃርቫርድ የተከማቹትን አሮጌ የመስታወት ፎቶግራፎች አውጥተው የቲ ታውሪን ድምቀት እንደገና ለኩ። ከባዱ መለዋወጥ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ቀጥሎ፣ ከዚያ ቆሟል። ከፊቷ ሲያልፍ የነበረው አቧራ ገለል ብሎላታል ማለት ነው። አጠገቧ ያለችው ጓደኛዋ ግን ይህ ዕድል አልገጠማትም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኢንፍራሬድ የተገኘችው፣ ከቲ ታውሪ በስተደቡብ ያለችው ይህች ኮከብ፣ በኋላ ራሷ ጥንድ መሆኗ የታወቀው፣ የአቧራ ግርዶሿ እጅግ ወፍራም በመሆኑ ዓይናችን በሚያየው ብርሃን እስካሁን አልታየችም።