የመዝናኛ ጀልባ የደኅንነት ምርመራ

የመዝናኛ ጀልባ የደኅንነት ምርመራ ለሽርሽር፣ ለቀዘፋ ወይም ለመዝናኛ ዓሣ ማጥመድ የሚያገለግል ጀልባ ተሳፋሪዎቹን በደኅና ወስዶ ለመመለስ የሚያበቃ አቋምና መሣሪያ ያለው መሆኑ በዳርቻ ወይም ውኃ ላይ እያለ የሚረጋገጥበት አሠራር ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚነሣው በጣና፣ በሐዋሳ፣ በላንጋኖና በጫሞ እንዲሁም በቢሾፍቱ ከተማ ዙሪያ ባሉት ሐይቆች ሲሆን፣ የቢሾፍቱዎቹ ከቦሌና ከምሥራቅ አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ገደማ የሚደረስባቸው በመሆናቸው ለአካባቢው ነዋሪዎች ዋነኛ የቅዳሜና እሑድ የጀልባ መዝናኛ ናቸው።

ስያሜና ጽንሰ ሐሳብ

በአማርኛ ፍተሻ፣ ምርመራና ቁጥጥር የሚሉት ቃላት ተቀራራቢ ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ፍተሻ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወይም በየሆቴሉና በየገበያ ማዕከሉ መግቢያ እንደሚደረገው ሁሉ ሰው የተከለከለ ነገር ይዞ እንደሆነ ለማየት የሚካሄድ ነው። ምርመራ የአንድን ዕቃ ብቃት መለካት ሲሆን፣ ቁጥጥር ደግሞ ሥልጣን ያለው አካል ሕግ መከበሩን በየጊዜው የሚከታተልበት ሥራ ነው። በጀልባ ላይ ያለው የደኅንነት አሠራር በመሠረቱ ምርመራ ነው፤ የሚጠየቀው ጥያቄ ሰውየው ምን ይዟል የሚል ሳይሆን ጀልባው ምን ጎድሎታል የሚል ነው። ይህ ልዩነት ሳይጤን ሲቀር ተመርማሪው ራሱን እንደ ተጠርጣሪ መቁጠሩ አይቀርም።

ለአዲስ አበባ አሽከርካሪ ቅርብ የሆነው የምርመራ ምሳሌ ቦሎ ነው። ተሽከርካሪዎችን የመለየት፣ የመመርመርና የመመዝገብ ሥርዓትን በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና በየጊዜው ተመርምሮ ብቁ ሲሆን ምልክቱ በመስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ ትራፊክ ፖሊስም መንገድ ላይ ሲያስቆም ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ እርሱ ነው።

የሐይቆቹ ጠባይ

የቢሾፍቱ ሐይቆች ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙና አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። ስፋታቸው ትንሽ ቢሆንም ጥልቀታቸው ብዙ ነው፤ ባቦጋያ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ስፋት ይዞ 65 ሜትር ያህል ሲጠልቅ፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፣ ሆራ አርሰዲ ደግሞ 38 ሜትር ገደማ ይጠልቃሉ። በአንጻሩ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ጣና ከፍተኛው ጥልቀቱ 14 ሜትር አካባቢ ነው። በመሆኑም ማዶው ጥርት ብሎ ስለሚታይ ብቻ አደጋ የሌለበት የሚመስለው ትንሽ ሐይቅ ከዳርቻው ጥቂት እንደተራቁ እግር የማይደርስበት ገደል ይሆናል።

ከፍታው በሞተር ላይም ጫና አለው። የአየሩ መሳሳት ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን እንዲያጣ ስለሚያደርገው፣ በባሕር ጠረፍ የተለካ የጀልባ ሞተር በቢሾፍቱ ከአምስት እጅ አንድ እጅ የሚጠጋ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ በፋብሪካው የተጻፈውን የጭነት ልክ እንዳለ መቀበል ነፋስ በተነሣ ጊዜ ጀልባው ወደ ዳርቻ ለመመለስ እንዲያቅተው ሊያደርግ ይችላል።

የሕግ ማዕቀፍ

ኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የባሕር ሕግ ያወጣች ሲሆን፣ በኋላም የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 ታውጇል፤ ዘርፉንም ዛሬ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ይመራዋል። በሌላ በኩል በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት የማስተዳደርን ሥልጣን ለክልሎች ስለሰጠ፣ በአንድ ክልል ውስጥ ተወስነው የሚገኙ ሐይቆች አስተዳደር የክልሉ ነው። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ባቦጋያ የሚወርድ ቤተሰብ በመኪናው መስታወት ላይ የአዲስ አበባን ቦሎ ለጥፎ ቢሄድም፣ ጀልባ የሚሳፈርበት ሐይቅ አስተዳደር በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው ማለት ነው።

በምርመራ የሚታዩ ነገሮች

በብዙ አገር ምርመራው የሚጀምረው በተለምዶ ላይፍ ጃኬት ከሚባለው የነፍስ አድን ጃኬት ነው። የጃኬቶች የማንሳፈፍ ኃይል የሚለካው ኒውተን በተባለ የኃይል መለኪያ ነው፤ በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት 50 ኒውተን ዋና ለሚችልና እርዳታ በቅርብ ለሚያገኝ ሰው፣ 100 ኒውተን ለተከለለ ውኃ፣ 150 ኒውተን ደግሞ ለባሕር ጉዞ የተመደቡ ናቸው። የመቶው ጃኬት የሚያነሣው 10 ኪሎ ያህል ሲሆን፣ የሰው አካል በራሱም ስለሚንሳፈፍ የአዋቂን ጭንቅላት ከውኃ በላይ ለማቆየት ይህ በቂ ነው። ሆኖም ቁጥሩ የሚሠራው ጃኬቱ ጤነኛ ሲሆን ነው። ፀሐይ ጨርቁን ያነጣዋል፣ ስፌቱን ያሳሳዋል፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ተቀዶ ውኃ ሊመጥ፣ መቆለፊያውም ሊሰበር ይችላል። ልኩ የሚታወቀው ተለብሶና ተቆልፎ ከትከሻው ወደ ላይ ሲሳብ ነው፤ አገጭንና ጆሮን አልፎ ከወጣ ሰፊ ነው፣ ውኃ ውስጥም ያመልጣል። የሕፃናት ጃኬት በእግር መካከል የሚያልፍ ማሠሪያ የሚኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታዩት የእሳት ማጥፊያው፣ ፊሽካው ወይም ጥሩምባው፣ መብራቱ፣ መለዋወጫ መቅዘፊያው፣ የጀልባው ወለል አለመሰንጠቁና የተሳፋሪው ቁጥር ናቸው። በሞተር ጀልባ ላይ ደግሞ ከዘዋሪው አካል ጋር የሚታሠረውና ዘዋሪው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ ይመረመራል።

የተመርማሪዎች ተሞክሮ በሌላው ዓለም

እ.ኤ.አ. በ1912 የታይታኒክ መርከብ መስጠምን ተከትሎ በ1914 የተፈረመው የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት በኋላ በተሻሻለው መልኩም ለንግድ የማይሠሩ የመዝናኛ ጀልባዎችን በአብዛኛው ስለማይመለከት፣ እያንዳንዱ አገር የራሱን ሥርዓት አበጅቷል። ብዙ ክርክር የተነሣው በዩናይትድ ስቴትስ ነው። በዚያ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ያለ ጥርጣሬ ምክንያት ጀልባ አስቁሞ የመሳፈር ሥልጣን ያለው ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1983 ለሰነድ ምርመራ የሚደረግን ይህን መሰል አሠራር ደግፏል። ጀልበኞች በአንድ ቀን ደጋግሞ መቆምን፣ በቤተሰብ ፊት መጠየቅንና የታጠቀ ሰው ወደ ጀልባቸው መግባቱን ሲያማርሩ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የፍሎሪዳ ግዛት ያለ በቂ ምክንያት ለደኅንነት ምርመራ ብቻ ጀልባ ማስቆምን በሕግ አግዷል። ከዚህ ጎን ለጎን በጎ ፈቃደኞች በዳርቻ ላይ በነጻ የሚያካሂዱት፣ ጉድለት ቢገኝ ቅጣት የሌለበትና ብቁ ለሆነው ጀልባ ምልክት የሚለጠፍበት ምርመራ አለ።

የክርክሩ ሌላ ገጽ የሞት ቁጥር ነው። በዚያው አገር በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ከሚሞቱት ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሚሞቱት በመስጠም ሲሆን፣ ከሰጠሙትም ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ላይፍ ጃኬት ያልለበሱ ናቸው። ጃኬቱ በጀልባው ውስጥ መኖሩ ብቻውን በቂ አለመሆኑን፣ የሚያድነውም የተለበሰ ጃኬት መሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል።

ምርመራ በኢትዮጵያ ሐይቆች

ጀልባን ከጉዞ በፊትና በኋላ መመርመር ለአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። በጣና ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ባለቤቱ ከሥራ በኋላ ከውኃ አውጥቶ ያደርቀዋል፤ በዚያው አጋጣሚም የላላውን ማሠሪያ ያጠብቃል፣ የበሰበሰውን ደንገል ይለውጣል። በጀልባው የሚሳፈረው ራሱ ባለቤቱ ስለሆነ ምርመራው ቸል አይባልም።

በመዝናኛ ጀልባ ላይ ግን ይህ ትስስር ይላላል፤ የሚሳፈረው እንግዳ ስለ ጀልባው የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነው። በባቦጋያ ዓይነት ትንሽ ሐይቅ ጉዞው አጭርና ወደ ተነሣበት ማረፊያ የሚመለስ በመሆኑ፣ ለምርመራ የሚመቸው ቦታ የውኃው መካከል ሳይሆን ዳርቻው ነው። እዚያ የሚገኝ ጉድለት ወዲያው ይታረማል፤ ማንም ሰው በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ቆሞ ለመጠየቅ አይገደድም። ተሳፋሪውም በዚህ ውስጥ የማይተካ ድርሻ አለው። በትራፊክ ፖሊስ ፊት ሰነዱን ያለ ቅሬታ የሚያወጣ አባወራ ጀልባ ቀዛፊውን ስንት ሰው ይጫናል፣ ለስንቱስ ጃኬት አለ ብሎ መጠየቁ ነውር አይደለም፤ ቀዛፊውም ጥያቄውን እንደ ጥርጣሬ ሊቆጥረው አይገባም። ጃኬቱ የሰፋው ልጅ ልኩ እስኪመጣለት ድረስ ዳርቻው ላይ ቢቆይ የሚቀርበት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።